ደመወዝ የሌለው፣ ስም የሌለው የመንግሥት ሠራተኛ

ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ነውና የዛሬውን ጉዳይ ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮሪደር እንጀምረው። ከአሥራ ሁለቱ ክልሎች ወደ አንዱ ርዕሰ ከተማ ሂዱና የውሃ፣ የመንገድ ወይም የገንዘብ ቢሮውን በር አልፋችሁ ግቡ። ከባለጉዳዮቹ ጎን ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ፣ ቦርሳ ያነገቱ፣ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ በፕላስቲክ ጠቅልለው የያዙ ልጆች ታያላችሁ። ባለጉዳይ እንዳትሏቸው ጉዳይ የላቸውም። ሠራተኛ እንዳትሏቸው ወንበር የላቸውም። ተማሪ እንዳትሏቸው አስተማሪያቸው በአካባቢው የለም። ለመሆኑ እነማን ናቸው?

«ተለማማጆች ናቸው» ይሏችኋል። ልጆቹ ራሳቸው «አፓረንት ወጣን»፣ «ኢንተርንሺፕ ላይ ነን» ይላሉ። የምህንድስና ተማሪ ከአምስት ዓመት ትምህርቱ በአራተኛው ዓመት ላይ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ከግቢ ወጥቶ በሥራ ቦታ እንዲያሳልፍ ይደረጋል። የሌላውም ትምህርት ክፍል ተማሪ እንደየሙያው ለሳምንታትም ይሁን ለወራት ይወጣል፤ የሕጉ ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ዐቃቤ ሕግ፣ የሒሳብ አያያዙ ወደ ገንዘብና ወደ ገቢዎች። ትልልቅ ፋብሪካና ኮንትራክተር በሌለበት ከተማ ደግሞ ዋነኛው ተቀባይ ያው መንግሥት ነው። መንገዱን የሚያሠራው እሱ፣ ጉድጓዱን የሚያስቆፍረው እሱ፣ ማኅተሙም በእሱ እጅ!

ሐሳቡስ ሸጋ ነው። መጽሐፍ ብቻ ሸምድዶ የተመረቀ ኢንጂነር ድልድይ አጠገብ ሲደርስ እንደሚደናገር ማንም ያውቃል። ተማሪው ሳይመረቅ በፊት ሥራን ይቅመስ መባሉን የሚጠላ የለም። የእኛ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቢሮው ከገባ በኋላ ማን ያስተምረዋል? ምን ይማራል? ምን ይበላል? ቢጎዳስ ማን አለው?

«ነገ ና» ከየት መጣ?

ሁላችንም ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስንማረር እንውላለን። «ነገ ና!»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው»፣ «ሲስተም የለም»፣ «ፋይሉ ጠፍቷል»፣ «ፈራሚው መስክ ወጥቷል»። ይህን ቋንቋ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ካለ ወይ ገና አልተወለደም ወይ ዘመዱ ባለሥልጣን ነው። ሰውዬው ግን ይህን ከእናቱ ሆድ ይዞት አልወጣም። ከዩኒቨርሲቲ መጽሐፍም አላነበበውም። ያስተማረው አለ። አንድ ቀን እሱም ከኮሪደሩ ግድግዳ ጋር ተለጥፎ የቆመ ልጅ ነበረና ትልልቆቹ ባለጉዳይን እንዴት እንደሚመልሱ እያየ፣ ከሰዓት በኋላ ቢሮ እንዴት ባዶ እንደሚቀር እያየ፣ ሪፖርት እንዴት እንደሚሞላ እያየ ነው ያደገው።

እንግዲህ ጉዳያችን ይኸው ነው። በመንግሥት ቢሮ የሚያልፈው ሴሚስተር የነገው ሹም የመጀመሪያ ክፍል ነው። ዛሬ በዚያ ወንበር (ወንበር ካገኘ!) የሚማረውን ነገ በእኛ ላይ ይሠራበታል። በነጻ፣ ያለ ስምና ያለ ኃላፊ የተያዘ ልጅ ነገ ሰውን በስሙና በመብቱ ይይዛል ብሎ መጠበቅ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

አንድ ተማሪ ወደ ዝግጅት ክፍላችን ጎራ ብሎ ያጫወተንን እንንገራችሁ። ስሙን አንጠራም፤ የነበረበትን ቢሮም አንጠራም፤ ልጁ ገና ተመርቆ እንጀራ ይፈልጋልና። በመጀመሪያው ሳምንት ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብቶ «ይመራልሃል፣ ጠብቅ» ተባለ። በሁለተኛው ሳምንት ተመርቶለት ወደ አንድ የሥራ ሂደት ሄደ። የሂደቱ ኃላፊ ሥልጠና ላይ ናቸው። በሦስተኛው ሳምንት መጡ፤ አዩትና «እሺ፣ እዚህ ጋ ተቀመጥ» አሉት። ተቀመጠ። ፎቶ ኮፒ አነሳ፤ ሻይ አመላለሰ፤ የኃላፊውን ልጅ የቤት ሥራ በኮምፒዩተር ጻፈ። እስከዚህ ድረስ ያስቃል፤ እኛም ስቀናል።

ቀጥሎ ያለው ግን አያስቅም። የሩብ ዓመት ሪፖርት ደረሰና «አንተ ኮምፒዩተር ትችላለህ፣ ና እስቲ ሙላው» ተባለ። በየወረዳው የተቆፈሩ የውሃ ጉድጓዶች ዝርዝር ነው። ከእያንዳንዱ ፊት «አገልግሎት እየሰጠ ነው» ወይም «ተበላሽቷል» ተብሎ ይሞላል። ልጁ የዋህ ነውና «መረጃው የት አለ? ሄጄ ልየው?» ብሎ ጠየቀ። «መኪና የለም፤ ነዳጅም የለም። ያለፈውን ሪፖርት ገልብጥና ትንሽ ጨመር አድርግበት» አሉት። ገለበጠ፤ ጨመር አደረገ። ቁጥሩ ወደ ላይ ሄደ። ከላይ ያለውም ቁጥሩን ይዞ ወደ ባሰ ላይ ሄደ። ልጁ በወረቀት ያፈለቀውን ውሃ የሚጠጣ ሰው ግን የለም። የወረዳው እናት ዛሬም እንስራዋን አዝላ ወንዝ ትወርዳለች።

ሴሚስተሩ አለቀ። ኃላፊው የግምገማ ቅጹን አውጥተው «ታታሪ፣ ታዛዥ፣ ሥራ ወዳድ» ብለው ጻፉለት፤ ማኅተም መቱበት። ልጁም ጥሩ ግሬድ አገኘ። ጉድ በል ያገሬ ሰው! በዚያ አንድ ሴሚስተር የተማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ባላየው ነገር ላይ እንዴት እንደሚፈረም ነው። ለዚህ ነው ግሬድ የተሰጠው።

ሁሉም ቢሮ እንዲህ ነው አንልም። ተማሪ ተቀብለው ሳይት የሚያወጡ፣ ንድፍ የሚያሳዩ፣ ከምሳቸው የሚያካፍሉ ደግ ባለሙያዎች አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። ችግሩ ነገሩ በእነሱ ደግነት ላይ ብቻ መንጠልጠሉ ነው። ደጉ ባለሙያ የተዛወረ ዕለት ልጁ ወደ ኮሪደሩ ይመለሳል።

አያቶቻችን እንኳ አበል ቆርጠው ነበር

ተማሪን ወደ መንግሥት ሥራ መላክ ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የሚባል ነገር ነበር። ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይወርዳል። አብዛኞቹ በየአውራጃው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነው፣ የቀሩት ደግሞ በየሙያቸው ተመድበው ያገለግላሉ። ሲጀመር ተማሪው አጉረምርሞ ነበር። ነገር ግን የሚሄድበት ቦታ ይታወቃል፣ ሥራው ይታወቃል፣ በአገሩ ሰው ዘንድም «አስተማሪው» ተብሎ ስም አለው። መተዳደሪያ አበልም ይቆረጥለታል። ያ ትውልድ የገባሩን ኑሮ በዓይኑ አይቶ ነው ወደ ስድስት ኪሎ የተመለሰው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታሪክ ይናገር።

ደርግ መጣና በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. «ዕድገት በኅብረት» ብሎ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና አስተማሪ ወደ ገጠር አዘመተ። ማንበብና መጻፍ ያስተማሩ፣ ጉድጓድ የቆፈሩ፣ የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ገበሬውን ያደራጁ እነዚያ ናቸው። ሆኖም መንግሥቱ ልጆቹን የፈለገው እንደ እጁ እንጂ እንደ ሰው አልነበረም። ከገበሬው ጎን ቆመው ጥያቄ ሲያነሱ ከየአካባቢው ሹም ጋር ተጋጩ፤ ብዙዎቹም ዘመቻውን ጥለው ወጡ።

ከሁለቱም ዘመን የሚወሰድ ትምህርት አለ። ከፊተኛው፣ ተማሪን የላከ መንግሥት ቦታና ሥራ ለይቶ፣ አበል ቆርጦ መላክ እንደሚችል። ከኋለኛው፣ ተማሪን ለካድሬነት መላክ መጨረሻው እንደማያምር። የዛሬዎቹ ሹማምንት ከፊተኛው ዘመን አበሉን ጣሉ፣ ከኋለኛው ዘመን ታዛዥነቱን አስቀሩ። ከሁለቱም ክፉ ክፉውን መርጦ መውሰድ ይህስ ችሎታ ነው!

ሌላም ነገር ጎድሏል። የድሮው ተማሪ የማያውቀውን የአገሩን ጫፍ አይቶ ይመለስ ነበር። ዛሬ የትኛው ወላጅ ነው ልጁን «ሂድ፣ አገርህን እይ» ብሎ በሙሉ ልብ የሚልከው? በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተነስተው ወደ ቤታቸው ሲጓዙ የታገቱት ተማሪዎች ነገር ከማን ልብ ወጣ? በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የተነሱ ተማሪዎች በገብረ ጉራቻ አካባቢ ከነአውቶቡሳቸው መታገታቸውንስ ማን ረሳው? ስለዚህ ተማሪው የሚለማመድበትን ቢሮ ሲመርጥ የሚጠይቀው «የት እማራለሁ?» ብሎ አይደለም። «የት በሰላም እደርሳለሁ? የት ዘመድ አለኝ?» ብሎ ነው። በሰላም እጦት ምክንያት ልምምዱም እንደ ሌላው ነገራችን ወደ መንደር ጠቦ ቀረ።

በነጻ እየሠሩ ዕዳ መቁጠር

ወደ ሆድ ጉዳይ እንምጣ። ግቢ ውስጥ ያለ ተማሪ ክፉም ይሁን ደግ ካፌ አለው፤ ዶርም አለው። ለልምምድ ሲወጣ ካፌው ተከትሎት አይሄድም። ቤት ኪራይ፣ ታክሲ፣ ምሳ፣ የሪፖርቱ ማሳተሚያ ሁሉ በማን ኪስ? በእናትና አባት ኪስ ነው። እናትና አባቱ በከተማው ላሉት ይህ ቀላል ሊሆን ይችላል። የገበሬ ልጅ፣ የጉሊት ቸርቻሪ ልጅ፣ የጡረተኛ ልጅ ግን ምን ያድርግ? አንድም ይራባል፣ አንድም ጠዋት ታይቶ ከሰዓት የቀን ሥራ ይፈልጋል፣ አንድም ኃላፊውን ተለማምጦ «ሳልመጣ ፈርሙልኝ» ይላል። ሦስተኛውን የመረጠውን ልጅ ሰነፍ ብሎ መስደብ ቀላል ነው። ግን ማን ገፋው?

ይባስ ብሎ ሌላ ነገር አለ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት የሚባል ነገር አለና ተማሪው ለትምህርቱ፣ ለምግቡና ለመኝታው ውል ፈርሞ ዕዳ ይሸከማል። ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። እንግዲህ አስቡት፤ ልጁ ለመንግሥት ቢሮ በነጻ እየሠራ፣ በዚያው ዓመት የትምህርት ወጪው ደግሞ ለዚያው መንግሥት ዕዳ ሆኖ ይመዘገብበታል። አራጣ አበዳሪ እንኳ ባለዕዳውን ቤቱ ሲያሠራው ምሳ ያበላዋል!

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሥራ መልመጃ ካልሆነ በስተቀር ለትምህርትና ለሥልጠና ተብለው በሚደረጉ ግንኙነቶች ላይ አይሠራም። የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችንም ከክልሉ ውጪ ያደርጋል፤ እነሱ የራሳቸው ሕግ አላቸውና። ተማሪው ወደዚያኛው ሕግ ዞር ቢል ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ የሚባለው የተቀጠረ ሰው ነው፤ እሱን የቀጠረው የለም። ስለዚህ ከሁለት ወንበር መካከል መሬት ላይ ወደቀ። ከስካፎልድ ላይ ቢወድቅ ማን ያሳክመዋል? የቢሮው መኪና ይዞት ቢገለበጥ ለቤተሰቡ ማን ይደርሳል? ዩኒቨርሲቲው «ቢሮው ይጠየቅ» ይላል። ቢሮው «የእኛ ሠራተኛ አይደለም» ይላል። የአብዬን ወደ እምዬ!

ይህ ጩኸት አዲስ እንዳይመስላችሁ። በ2011 ዓ.ም. ኢንተርን ሐኪሞች ከሌሎች የጤና ባለሙያዎች ጋር ነጭ ጋውናቸውን እንደለበሱ አደባባይ ወጥተው ስለ ሥራ ሰዓታቸውና ስለ ክፍያቸው የጮኹት ለምን ነበር? ተማሪ ናችሁ እየተባሉ የሆስፒታሉን ሌሊት የሚሸከሙት እነሱ ስለሆኑ ነው። እነሱስ በብዛት አንድ ግቢ ውስጥ ስላሉ ድምፃቸው ተሰማ። አንድ ለአንድ፣ ሁለት ለሁለት ሆኖ በየወረዳው ቢሮ የተበተነው ተለማማጅ ማን ይሰማዋል?

ሴት ልጆቻችንስ?

ከዚህ የሚከፋ፣ በሹክሹክታ ብቻ የሚወራ ነገርም አለ። አንዲት የሃያና የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ብቻዋን ወደማታውቀው ከተማ ትሄዳለች። ግሬዷ በአንድ ሰውዬ እጅ ነው፤ ማኅተሙ በእሱ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሰውዬው ጨዋ ከሆነ እሰየው። ካልሆነስ? «ቅጹን ቡና እየጠጣን እንሙላው» ቢላትስ? ለማን ትናገራለች? አስተማሪዋ ሌላ ከተማ ነው። ቢሮው ውስጥ ያሉት ሁሉ የእሱ የበታቾች ናቸው። ዝም ካለች ሕሊናዋ፣ ከተናገረች ግሬዷ!

ይህ የእኛ አገር ነውር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሚዙሪ ክፍለ ግዛት የሕግ መወሰኛው የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበረው ጆን ዲል እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ሥልጣኑን የለቀቀው ለምንድን ነው? በምክር ቤቱ ትለማመድ ከነበረች የ19 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ጋር የተለዋወጠው ወሲብ ቀመስ የስልክ መልእክት በጋዜጣ ስለወጣበት ነው። የልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ቀደም ብሎ ተማሪዎቹን ከምክር ቤቱ አስወጥቶ ነበር። ልብ በሉ! ዩኒቨርሲቲው ልጆቹን የት እንዳሉ ያውቅ ስለነበር ጠርቶ ማውጣት ቻለ። ጋዜጣው መጻፍ ስለቻለ ጻፈ። አፈ ጉባኤውም የሚያፍርበት ሕዝብ ስለነበረው ለቀቀ። እኛ ዘንድ ከሦስቱ የትኛው አለ? እስቲ አንድ ቢሮ ኃላፊ በዚህ ጉዳይ ከሥልጣኑ ሲወርድ ያየ እጁን ያውጣ!

«በጀት የለም» ለምትሉ

ይህን ስንጽፍ የሚሰጠን መልስ ከወዲሁ ይሰማናል። «ድሃ አገር ነን፣ በጀት የለም።» እስቲ ይህንንም እንመርምረው።

ሀብታሞቹም ቢሆኑ በዚህ ነገር ከደሙ ንጹሕ አልነበሩም። ዋይት ሐውስ እንኳ ለተለማማጆቹ መክፈል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ከዚያ በፊት በዋሽንግተን ወጪውን የሚሸከም አባት ያለው ልጅ ብቻ ነበር የሚገባው። ነገሩ አሳፈራቸውና አስተካከሉት። ኒው ዮርክ ደግሞ በክፍለ ግዛቱ የታችኛው ምክር ቤት እስከ 150 የሚደርሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በየዓመቱ ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ተቀብሎ ያሠራል። አበል አላቸው፤ ሥራቸውም በዩኒቨርሲቲያቸው ዘንድ እንደ ትምህርት ይቆጠርላቸዋል። የምንጠይቀው የኒው ዮርክን ገንዘብ አይደለም። የኒው ዮርክን ሥርዓት ነው። ቁጥሩ ታውቆ፣ ጊዜው ታውቆ፣ አበሉ ታውቆ፣ ኃላፊው ታውቆ!

ለመሆኑ በጀት የለም የሚለው ማነው? ለሁለት ቀን ስብሰባ አዳራሽና ሆቴል የሚከራየው፣ ለኮፍያና ለካኒቴራ የሚያሳትመው፣ ለመኪና ጎማና ለውሎ አበል ወረቀት የማያልቅበት ያው ቢሮ አይደለም? የአንድ ስብሰባ የሻይና የቆሎ ሒሳብ ለስንት ተማሪ የታክሲና የምሳ ይሆን ነበር? ካይዘን፣ ቢፒአር፣ ሪፎርም እየተባለ ስንት ሥልጠና ተሰጠ! ከሁሉም ርካሹ ሪፎርም ግን የነገውን ሠራተኛ ከጅምሩ በደንብ መያዝ ነው።

«ከፌዴራል መመሪያ አልወረደም» የሚልም አይጠፋም። ይህችን ደግሞ እናውቃታለን! በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 2 (ረ) መሠረት ክልሎች የራሳቸውን የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደርና የሥራ ሁኔታ በሚመለከት ሕግ የማውጣት ሥልጣን አላቸው። ስለ ሰንደቅ ዓላማ፣ ስለ ወሰን፣ ስለ ልዩ ኃይል ሲነሳ ሕገ መንግሥቱን በቃላቸው የሚያነበንቡ የክልል ሹማምንት ይህች አንቀጽ ስትደርስ ለምን ዓይናቸው ይፈዛል? ሥልጣኑ በእጃቸው ነው። ምክር ቤት አላቸው፤ ፍትሕ ቢሮ አላቸው፤ ማኅተም አላቸው። ለተማሪ ሁለት ገጽ ደንብ ለማውጣት አዲስ አበባን መጠበቅ ምን አመጣው?

ስለዚህ የምንለው

ወሬ ብቻ ይዘን አልመጣንም። የሚከተለውን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ውል ይኑር። ተማሪው፣ ዩኒቨርሲቲውና ቢሮው የሚፈርሙበት አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። የት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚያሠራው በስም ይጻፍ። ቢጎዳ የሚያሳክመውም እዚያው ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ አበል ይቆረጥ። የትራንስፖርትና የምግብ የሚሆን ትንሽ ነገር። ይህ እስኪሆን ድረስ ቢያንስ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ለልጁ ምግብ የሚያወጣውን ገንዘብ በእጁ ይስጠው።

ሦስተኛ፣ ግሬድ በአንድ ሰው እጅ አይሁን። ቢሮው ያየውን ይጻፍ፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ አስተማሪ ልኮ ልጁን በሥራው ላይ ይየው፣ ሪፖርቱን ያንብብ። በስልክ «እንዴት ነው ልጁ?» ብሎ መጠየቅ ክትትል አይባልም።

አራተኛ፣ አቤት የሚባልበት ቦታ ይኑር። በተለይ ለሴት ተማሪዎች ስልኳን የምታነሳ፣ የምትሰማ፣ ልጅቷን በዚያው ቀን ወደ ሌላ ቢሮ ማዛወር የምትችል አንዲት ኃላፊ በዩኒቨርሲቲው ትሰየም። ልጅቷም በመናገሯ ሴሚስተሯን አትጣ።

አምስተኛ፣ ተማሪውን ከፓርቲ ሥራ አርቁት። ለስብሰባ ወንበር ማሟያ፣ ለሰልፍ ባነር ተሸካሚ፣ ለሐሰት ሪፖርት ጸሐፊ አይደረግ። ከክልሉ ቋንቋና ከሹሙ ዘመድነት ጋር እየተመዘነም አይመደብ። ቦታዎቹ በየዓመቱ በግልጽ ይለጠፉ፤ የፈለገ ያመልክት።

ስድስተኛ፣ ተማሪው ያየውን ይጻፍ፤ የጻፈውም ይነበብ። በየዓመቱ በርካታ የልምምድ ሪፖርቶች በየዲፓርትመንቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣሉ። ስለ መንግሥት ቢሮዎቻችን ከውስጥ፣ በወጣት ዓይን የተጻፈ ከዚህ የበለጠ ምስክርነት ከየት ይገኛል? የክልል ምክር ቤቶች ቢያነቧቸው ስንት የማይፈስ ውሃ፣ ስንት ያልተሠራ መንገድ ባገኙ ነበር!

ለተማሪዎችም አንድ ቃል አለን። እናንተም «ፈርሙልኝና ልሂድ» የምትሉ ራሳችሁን ታዘቡ። ዛሬ ያልሠራችሁበትን ሴሚስተር ያስፈረማችሁ፣ ነገ ያልሠራ ኮንትራክተር ክፍያ ሊያስፈርማችሁ ሲመጣ በምን አፍ እምቢ ትሉታላችሁ? ባላያችሁት ላይ አትጻፉ። «አላየሁትም» ማለት አያስነውርም። የወረዳዋ እናት እንስራዋን አዝላ የምትሄደው እናንተ «አገልግሎት እየሰጠ ነው» ብላችሁ በጻፋችሁበት ጉድጓድ በኩል አልፋ ነው።

ለሹማምንቱ ደግሞ፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በዚህ አገር የሙት ልጅ አይደለም፤ አባትና እናት አለው። አባቱ ሥርዓት አልባ ቢሮ ነው፤ እናቱ የተራበ ተለማማጅ ናት። ያ በኮሪደሩ ግድግዳ የተደገፈ ልጅ ዛሬ ይመለከታችኋል። እናንተ ጡረታ ወጥታችሁ፣ ፋይላችሁን በብብታችሁ ይዛችሁ ባለጉዳይ ሆናችሁ የምትመጡበት ቀን ሩቅ አይደለም። ያኔ በወንበሩ ላይ የምታገኙት እሱን ነው። ከእናንተ የተማረውንም አይረሳም። ቀና ብሎ ያያችሁና «ኃላፊው የሉም፣ ነገ ይምጡ» ይላችኋል።

ሳይቃጠል በቅጠል! ሰሚ ካለ ይስማ።